የነቢያት ጾም በጣና ዳር

ኅዳር 15፣ ባሕር ዳር

ዛሬ የነቢያት ጾም ገባ። ነቢያት የጌታን መወለድ በተስፋ እየጠበቁ የጾሙት ጾም ነው። ለአዳም የተሰጠው ቃል ኪዳን እስኪፈጸም 5,500 ዘመን እንዳለፈ አባቶቻችን ያስተምሩናል። ጉዞዬን በዚህ ሳምንት ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ስለ መጠበቅ የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ አለ፤ እሱን ይዤ ጾሙን እዚህ ልጀምር ብዬ መጣሁ።

በመኪና ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቤት ውስጥ ታማሚ ስላለብኝ መንገድ ላይ የሚባክን ቀን የለኝም። በአውሮፕላን መጣሁ። ከአየር ማረፊያው በታክሲ፣ ከዚያ በባጃጅ። መንገድ ዳር የተደረደሩት ዘንባባዎች እንዳሉ ናቸው። ማረፊያዬ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። አስተናጋጇ «ዓሣ አለን፣ ቆሮሶም አለ፣ አምባዛም አለ» ስትለኝ ጾም ነኝ አልኳት። ሽሮ በተልባ አመጣችልኝ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ የሚቀጥሉት ቀናት አይገቡም። ፋርማሲስት ነኝ። ግቢ ጉባኤ እያለሁ ጀምሮ የምንኩስና ሐሳብ በልቤ አለ። የሚመጣና የሚሄድ ስሜት ነው ብዬ ብዙ ፈተሽኩት። አልሄደም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቃወሙኝም፤ «መጀመሪያ ትምህርትሽን ጨርሺ» አሉኝ። ጨረስኩ። አባታችን ሲያርፍ ታናሽ ወንድሜ ገና ተማሪ ነበር። እሱን ማስተማር የእኔ ሆነ። እሱ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ አሁንስ ልሂድ ብዬ ዕቃዬን ማከፋፈል ጀመርኩ። በዚያው ሰሞን እናቴን ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ። ከአልጋ አትነሣም።

ሰፈር ውስጥ «ወይ አግቢ ወይ መንኚ» የሚሉኝ አሉ። ክፉ አስበው አይደለም። የሚያዩት መሃል ላይ ቆሜ ነው።

የንስሐ አባቴ ሁልጊዜ «ጊዜውን እርሱ ያውቃል፤ አንቺ ሥራሽን አትተዪ» ይሉኛል። አምናለሁ። ግን ሌሊት ላይ አንድ ነገር ይይዘኛል። እናቴ በሕይወት ሳለች ትቻት አልሄድም። ታዲያ የእግዚአብሔርን ጊዜ እየጠበቅኩ ነው ስል የምጠብቀው ምኑን ነው? የእናቴን ሞት አይደለም ወይ? ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እዚህ ያመጣኝ እሱ ነው።

ኅዳር 16፣ ዘጌ

ዛሬ ወርኃዊው የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ጀልባ ሲሳፈሩ አይቼ ተቀላቀልኳቸው። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄዱ ናቸው።

ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል። ነፋሱ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ወደ ከተማው የሚቀዝፉ ሰዎች አለፉን። እምቦጩ በሰሜን ምሥራቅ በኩል እንደሚብስ ጀልባ ነጂው ነገረን። ስለ እምቦጭ ሲያወራ ስለታመመ ዘመዱ የሚያወራ ይመስል ነበር።

ከጀልባው ወርዶ ወደ ላይ የሚወጣው የእግር መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ዘጌ በሬ አይጠመድበትም፣ ከብት አይረባበትም። ሥርዓቱ ገዳሙን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም የመጣ ነው ይባላል። ቡናውም ከእሳቸው በትር በቀለ የሚል ትውፊት አለ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ሥርዓት ነው። ግራና ቀኝ ቡናው ቀልቷል፣ ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ይዘው ገብተዋል።

ቅዳሴው የጾም ስለሆነ የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ነው። እስከዚያ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች ስመለከት ቆየሁ። ከመሬት እስከ ጣሪያ ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አልደግመውም።

ልጽፍ የፈለግኩት ስለ አንድ የቅኔ ተማሪ ነው። ጥላው ሥር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አኩፋዳውን አንግቷል። ዕድሜው ወደ 20 ይሆናል። ጎጃም ውስጥ ቅኔ እየተማረ ነው፤ ለኪዳነ ምሕረት ነው የመጣው። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ ላይ ደርሷል። መቼ ትጨርሳለህ አልኩት።

«እሱን የኔታ ናቸው የሚያውቁት» አለኝ።

«አንተ አታውቀውም?»

«እኔ የማውቀው የነገውን ነው። ነገ አዲስ ቅኔ ቆጥሬ እቀርባለሁ። የኔታ ያርሙኛል። ቤት ሞልተሃል ያሉኝ ቀን እወጣለሁ።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም መሰላቸት አላየሁበትም። ሌሎች ጓደኞቹ ቀድመውት ወጥተዋል። አንዳንዶቹ ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው። አይከፋህም ወይ ስለው ትንሽ አሰበና «መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር። ቆይቼ ሳየው ግን ቶሎ የወጡት ጋር ያለው ቅኔ የእነሱ ነው። እኔ ጋር ያለው የእኔ ነው» አለኝ። ከዚያ ደወል ተደወለና ተነሣ።

ቅዳሴው እስኪያልቅ ስለ እሱ ሳስብ ነበር። የእሱ መጠበቅ ሥራ አለበት። በየቀኑ የሚያቀርበው ነገር አለ፣ የሚያርመው መምህር አለ። የእኔ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ሰዓት ማየት ብቻ ነው። የነቢያትን ጾም ሳስብም እንዲህ ይመስለኛል። ኢሳይያስም ሆነ ኤርምያስ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ተናግረዋል፣ ጽፈዋል፣ ተሰድበዋል፣ ታስረዋል። የጠበቁት ሳይመጣ ሞቱ፤ ሥራቸውን ግን ሠርተው ነበር።

ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ ጀልባዋን አናወጣት። ሴቶቹ «እመ ብርሃን» እያሉ ደረስን።

ኅዳር 17፣ ቋራጣ

የዛሬው ቀን ለእኔ የጉዞው ዋና ቀን ነው። የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የዕረፍት በዓል ነው። ቋራጣ በሐይቁ ምሥራቅ ዳር፣ በስሟ የተሠራችው ቤተ ክርስቲያን ያለችበት ቦታ ነው። ገና ሳይነጋ ጀልባ ለሚከራዩ ምእመናን ድርሻዬን ከፍዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ብርድ ነበር። ጋቢ የያዘች አንዲት እናት ግማሹን ለእኔ አለበሰችኝ።

ማኅሌቱ አልቆ ስብከት ላይ ደረስን። መምህሩ ሕይወቷን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ብዙውን ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን አንድ ቦታ ላይ ልቤ ተያዘ። እዚያ እስክደርስ ታሪኩን ላስቀድም።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ነው። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ሦስት ልጆች ወለደች። ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ልቧ ወደ ምናኔ አዘነበለ። ዘመኑ ንጉሡ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ትምህርት ወደ ካቶሊክ እምነት የተሳቡበት፣ አገሩም የተከፈለበት ነው። ባሏ ዐመፅ ሊያስታግሥ ሲዘምት እሷ ቤቷን ጥላ ወደ ጣና ገዳም ሄደች። ጸጉሯን ተላጨች።

ጥሪዋን ሰማች፣ ወጣች፣ ደረሰች። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለሁላችንም ይቀለን ነበር።

አላለቀም። ባሏ እሷን ፍለጋ ተደብቃበታለች ያለውን ከተማ ማጥፋት ጀመረ። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው ተመለሺ አሏት። ሰው በእሷ ምክንያት እንዳያልቅ ተመለሰች። በተላጨ ራሷ ወደ ባሏ ቤት ገባች።

መምህሩ ይህን ክፍል በሁለት ዐረፍተ ነገር አልፈውት ወደ ተጋድሎዋ ሄዱ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ጸጉሯ ዳግመኛ ሲበቅል ምን ተሰምቷት ይሆን? ማታ ማታ ምን ብላ ጸለየች? አንድ ጊዜ ገዳም ደርሶ መመለስ ካለመሄድ ይከብዳል። ጎረቤት ምን ይል ይሆናል? «ጥሪ አለኝ ስትል አልነበር» ያላት አይጠፋም። እግዚአብሔር ጠርቶኝ ከሆነ ለምን መለሰኝ ብላ ባትጠይቅ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ባሏ እጁ እንዳለበት ስታውቅ ተለየችው፤ ያኔ ለዘለቄታው። ቆብ ስትደፋ 25 ዓመቷ ነበር። የንጉሡን እምነት በአደባባይ ተቃወመች፣ ሸንጎ ፊት ቀረበች፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ሦስት ዓመት ተጋዘች። ንጉሡ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ያወጁት እ.ኤ.አ. በ1632 ነው። እሷ እስከ ዕረፍቷ ድረስ ተከታዮቿን እየሰበሰበች ሰባት ማኅበራት አቋቋመች፤ አብዛኞቹ በዚሁ በጣና ዙሪያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1642፣ በ50 ዓመቷ፣ እንደ ዛሬው ባለ ኅዳር 17 ዐረፈች።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «አየሽ፣ መጀመሪያ የሄደችው ያለ ጊዜው ነበር» ይላል። እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም። የመጀመሪያውም ጥሪ እውነተኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። መሃል ላይ ግን ቤታቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች ነበሩ። ስለ እነሱ ስትል ባሏ ቤት ያሳለፈችው ጊዜ ከጥሪዋ ላይ የተቆረጠ ጊዜ አይደለም። እግዚአብሔር ሲቆጥርላት የኖረ ጊዜ ነው። ሰባት ማኅበር ሙሉ ሰው የተከተላት ዝም ብሎ አይመስለኝም። ሕዝቡ ይህች ሴት ስለ እኛ ተመልሳ ነበር ብሎ ያውቃል።

አንድ ነገር ግን መጨመር አለብኝ። ይህን ታሪክ በሌላ ሰው ላይ መጫን አልወድም። «ጊዜው አልደረሰም» የሚለውን ቃል ቤተሰብ ልጁን ለማስቀረት ሲጠቀምበት አይቻለሁ። ልጅቷ ደስ ብሏት ልታገለግል ስትነሣ፣ ዛሬ ሠርግ አለ፣ ነገ ተዝካር አለ እያሉ ዓመት በዓመት ይደራረብባታል። ይህ የእግዚአብሔርን ጊዜ መጠበቅ አይደለም። ወለተ ጴጥሮስን የመለሳት የሰው ሕይወት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከስብከቱ በኋላ ንፍሮ ተበላ፣ ጠበል ጠጣን። ያቺ ጋቢዋን ያካፈለችኝ እናት ለሟች ልጇ ስም አስጽፋ ስታለቅስ እጇን ያዝኩ። ብዙ አላወራንም።

ማታ ባሕር ዳር ስደርስ እኅቴ ደወለች። ለእናታችን ብላ ከሐዋሳ መጥታ ነው እኔን የለቀቀችኝ። «ሌሊት ሁለቴ ብቻ ነው የተነሣሁት፤ ይበቃል?» አለችኝ። አይበቃም አልኳት። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠች የአልጋ ቁስል ይወጣባታል።

ኅዳር 18፣ እንጦስ ኢየሱስ

ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ጎረቤታሞች ናቸው። ክብራን ሴት አይገባበትም። እንጦስ ግን እንገባለን። ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለም።

ከተሳለምኩ በኋላ አንዲት አረጋዊት እማሆይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬ መልቀም ጀመርኩ። አልከለከሉኝም። ጥቂት ቆይተው ቀና አሉ።

«ለመሳለም ነው የመጣሽው ወይስ ለመቅረት?»

«ሐሳቤ ለመቅረት ነበር እማሆይ። ግን አልቻልኩም።»

«ማን ያዘሽ?»

«እናቴ ታማብኛለች። ከአልጋ አትነሣም።»

«አሁን ማን ጋ ናት?»

«እኅቴ ጋ። እኔ ስመለስ ትሄዳለች።»

ዝም አሉ። ጠጠር አውጥተው ወረወሩ። እኔም ዝም ማለት ስላልቻልኩ ያንን ለማንም ያልነገርኩትን አወጣሁት። «እማሆይ፣ አምላኬ ጊዜውን አምጣልኝ ብዬ ስጸልይ የእናቴን ሞት የምለምን ይመስለኛል» አልኳቸው። ስናገረው ድምፄ ተቆረጠ።

አልደነገጡም። «እንዲህ ያለ ሐሳብ አይምጣብሽ አልልሽም» አሉኝ። «ይመጣል። እኔም መጥቶብኝ ያውቃል። አንቺ ግን ቀን አትቁጠሪባት። አስታሚያት። ቀኑን የሚቆጥረው ሌላ ነው።»

ከዚያ የራሳቸውን ነገሩኝ። ባላቸው ሲሞቱ ገና ወጣት ነበሩ። ያን ጊዜ ሊመንኑ ፈልገው ነበር። ልጆች ነበሩ። ቆብ የደፉት የመጨረሻዋን ልጃቸውን ከዳሩ በኋላ ነው። «ቀድሜ ብመጣ ጉልበት ነበረኝ። ውኃ እቀዳ ነበር፣ እሰግድ ነበር። አሁን ጉልበቴ አይታጠፍም። ይህ ይቆጨኛል፤ አልዋሽሽም። ጉልበቴ ለልጆቼ ሄዷል። እሱንም እግዚአብሔር አይቶታል።»

ይህን በማለታቸው ወደድኳቸው። ብዙ ሰው ሁሉም ነገር በጊዜው ስለሆነ የሚቆጭ ነገር የለም ይለኛል። እሳቸው ግን ቁጭታቸውን ሳይደብቁ እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ። ሁለቱ አብረው መኖር እንደሚችሉ ያየሁት በእሳቸው ነው።

«ሌሊት ትነሻለሽ?» አሉኝ።

«በየሁለት ሰዓቱ እማሆይ። 6 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ 10 ሰዓት። ካላገላበጥኳት ይቆስልባታል።»

«እኛም መንፈቀ ሌሊት እንነሣለን። ስታገላብጫት ምን ትያለሽ?»

«ምንም። እንቅልፍ ያዳፋኛል።»

«አቡነ ዘበሰማያት በይ። ከተነሣሽ አይቀር።»

እንዲህ ቀላል ነገር ይሉኛል ብዬ አልጠበቅኩም። የምሄድበትን ዓመት የሚነግሩኝ ወይም ትንቢት የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የሰጡኝ የሌሊቱን 6 ሰዓት ነው።

ቀጠሉ። «እዚህ የምትመጣ ልጅ መጥታ ቆብ አትደፋም። በአመክሮ ትቆያለች። ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ያረጁትን እማሆዮች ታጥባለች። ትታዘዛለች። አንቺም አሁን እያጠብሽ ነው። የማን እናት ናት የሚለው ነው ልዩነቱ።»

«ታዲያ አመክሮዬን ጀምሬአለሁ ልበል?»

«እሱን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔ አልፈቅድልሽም» አሉ። በራሳቸው ሥልጣን ያልሆነውን እንደማይሰጡ አየሁ። እኔ ግን ዓይናቸውን አይቼ ነበር፤ ዓይናቸው ላይ ደስታ አለ።

ምስሩ አለቀ። ፋርማሲስት መሆኔን ሲሰሙ እጄን ይዘው ወደ ሌሎቹ እማሆዮች ወሰዱኝ። አንዷ ዓይናቸውን ያሳክካቸዋል። ሌላዋ ጉልበታቸውን። አንዷ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል፤ ለምን ስላቸው ስላለቀ ነው አሉ። ሐኪም እንዲያያቸው ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባቸው ደጋግሜ ነገርኳቸው። የሁሉንም በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ስጨርስ ጀልባው እየጠበቀኝ ነበር።

ኅዳር 19፣ ባሕር ዳር

የገብርኤል ቀን ነው። ከክብራን በኩል የሚመለሱ ወንዶች ጀልባ ሞልተው ወደቡ ላይ ይወርዳሉ።

ጠዋት ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። እማሆይ ያሉኝን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አድምጠው ሲጨርሱ «መንፈቀ ሌሊቱን ያዢው» አሉኝ። የቀኑን ጸሎት በሥራዬና በእናቴ ሁኔታ ልክ እናስተካክለዋለን አሉ። የአመክሮን ነገር ስመጣ ተቀምጠን እንነጋገራለን። ከዚህ በላይ በስልክ አልፈለጉም።

ከዚያ እናቴን አነጋገርኩ። ስትሮኩ ንግግሯን አዘግይቶታል፤ ቃል በቃል ነው የሚወጣው። ለምን እንደመጣሁ ነገርኳት። ምንኩስናውን በቀጥታ ከአፌ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ግቢ ሳለሽ ጀምሮ አውቃለሁ።»

ትንሽ ቆይታ «እኔ ነኝ የያዝኩሽ?» አለች።

«አልያዝሽኝም እማዬ» አልኳት። ይህን ሳልጨነቅ ስናገረው ራሴን ሰማሁት።

«እንግዲያው ነይ። እኅትሽ መድኃኒቴን ታዛባብኛለች።»

ወንድሜም በዐቢይ ጾም አንድ ሳምንት ፈረቃ ለመያዝ ተስማምቷል። ማገላበጡን እኅቴ እያስተማረችው ነው። እሱ እናቴ ጋር ሲሆን እኔ የእማሆዮቹን መድኃኒት ይዤ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያ ያያቸው ሐኪም የሚጽፈውን ማየት አለብኝ። ለሕዝብ ማመላለሻ ጀልባው ሠራተኛ ስልኬን ሰጥቼዋለሁ፤ ማዘዣዎቹን ፎቶ አንሥቶ ሊልክልኝ ነው። የዓይን ጠብታና የጉልበት ሕመም ማስታገሻ ይበዛል። የደም ግፊቱን መድኃኒት ግን እስከዚያ መጠበቅ ስለሌለበት ዛሬ ከሰዓት በፊት አንድ ወር የሚበቃ እዚሁ በቀድሞው ማዘዣ ገዝቼ ልኬላቸዋለሁ። አውሮፕላኔ 10 ሰዓት ላይ ነው።